ዘጠኝ ፊደል የሆነው ስም

ወጣቱ ባለሙያ በጃቫ ሰርቭሌት የሠራው የምዝገባ ገጽ «ከበደ» የሚለውን ስም ትርጉም የለሽ ምልክት አድርጎ መለሰለት። በመጀመሪያ የዳታቤዙን፣ ቀጥሎም የፎንቱን ጥፋት ጠረጠረ። የስሙን ርዝመት ሲለካ ግን ሦስት መሆን የነበረበት ዘጠኝ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱም ያን ጊዜ ተገለጠለት።

የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። አሳሹ የኢንኮዲንጉን ዓይነት ሳይገልጽ ቅጹን በፖስት ሲልክ፣ ሰርቭሌት በነባሪ ደንቡ እያንዳንዱን ባይት በአይኤስኦ-8859-1 እንደ አንድ ፊደል ያነበዋል። ከቶምካት 8 ወዲህ በአድራሻው በኩል የሚላክ ጽሑፍ በነባሪነት በዩቲኤፍ-8 ስለሚነበብ፣ የፍለጋው ገጽ ግን በትክክል ይሠራ ነበር።

ባለሙያው በአንድ ፊልተር ዩቲኤፍ-8ን ደነገገ፤ ለውጥ አልመጣም። ክንውን የሚመዘግብ ሌላ ፊልተር የቅጹን መረጃ ቀድሞ ያነብ ኖሯል፤ ከተነበበ በኋላ የሚመጣ ድንጋጌ ደግሞ ውጤት የለውም። በዌብ.ኤክስኤምኤል ውስጥ የፊልተሮቹን ቅደም ተከተል ሲያስተካክል «ከበደ» ተመለሰ። ከሰርቭሌት 4.0 ጀምሮ ይህንኑ ለመላው መተግበሪያ በዚያው ፋይል በአንድ መስመር መደንገግ ይቻላል።

ሰርቨሩ በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ስህተት አላሳወቀም፤ ምዝገባው «ተሳክቷል» ይል ነበር። እንዲህ ያለውን ጥፋት አስቀድሞ የሚያየው የስሙ ባለቤት ነው። ስለዚህ መተግበሪያ ለአገልግሎት ከመቅረቡ በፊት በግዕዝ ፊደል በተጻፈ ስም ሊፈተን ይገባል።