ውሃው የት ይሄዳል?

እናቴ ካረፈች በኋላ ከአባቴ ጋር የማወራው ነገር አለቀብኝ። ድሮም ስልኩን የምትይዘው እሷ ነበረች። "አባትህ ሰላም ብሎሃል" ትለኛለች፣ ከጀርባዋ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማኛል፣ በቃ። አሁን በየእሁዱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደብረ ብርሃን እደውላለሁ።

"ደህና ነህ?"
"ደህና ነኝ አባባ። እርስዎስ?"
"እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራስ?"
"ደህና ነው።"

ሁለት ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ። የስልኬን የጥሪ ዝርዝር ወደ ታች ብትወርዱ ቁጥሩ ብዙም አይለወጥም።

ይሄ ጽሑፍ ግን ስለ አፈር ነው። አንድ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ስላለ አፈር።

ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ስቴት የተዛወረ የሥራ ባልደረባዬ ጌኮውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ክሬስትድ ጌኮ ይባላል። ቀን ቀን የሚተኛ፣ ሌሊት የሚነሳ፣ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን በምላሱ የሚያጸዳ እንሽላሊት ነው። አገሩ ኒው ካሌዶኒያ ነው፣ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ ያሉ ደሴቶች። ዝርያው ከምድር ጠፍቷል ሲባል ቆይቶ በ1994 እ.ኤ.አ. ነው እንደገና የተገኘው። የእኔው ጭራ የለውም። ብዙ እንሽላሊቶች ጭራቸው ሲቆረጥ መልሰው ያበቅላሉ። ይሄኛው ግን አንዴ ከጣለ ጣለ ነው።

ሲመጣ የሳጥኑ ወለል ላይ የወረቀት ፎጣ ብቻ ነበር የተነጠፈለት። አሳዘነኝ። እውነተኛ ተክል፣ እውነተኛ አፈር ይኑረው ብዬ ከሱቅ የአበባ አፈር ገዛሁ፣ ፖቶስ ተከልኩ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ረጨሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቤቴ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። የፖቶሱ ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ ስነቅለው ሥሩ ቡናማና ልፍስፍስ ነበር። ጌኮው ላይኛው ጥግ ላይ ተለጥፎ ወደ ታች አልወርድ አለ። ምግቡንም ቀነሰ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአበባ ማሰሮ ታች ቀዳዳ አለው፣ የመስታወት ሳጥን የለውም። ውሃው መውጫ ሲያጣ አፈሩ ውስጥ የነበረውን የአየር ቦታ ሁሉ ይይዛል። ከዚያ አየር የማይፈልጉት ባክቴሪያዎች ይነግሣሉ፣ ሽታውም የእነሱ ነው።

እኔ ደግሞ ችግር ሲገጥመኝ ኤክሴል የምከፍት ሰው ነኝ። አማራጮቹን ደረደርኩ። የኮኮናት ጭረት ብቻውን? እርጥበት ይይዛል፣ ግን እየቆየ ይጠቀጠቃል፣ ለተክል የሚሆን ምግብም ብዙ የለውም። አሸዋ? ከባድ ነው፣ ጌኮው ፌንጣ ሲያድን አብሮ ሊውጠው ይችላል። በአትላንታ የእፅዋት ማዕከል ስም የሚጠራው ኤቢጂ የሚሉት ቅይጥ? የዛፍ ፈርን ጭረት፣ ፒት፣ ስፋግነም፣ ከሰልና የዛፍ ቅርፊት ተደባልቆበት ቶሎ አይጠቀጠቅም፣ አየር ያስገባል። አሸናፊው እሱ ሆነ። ከሥሩ በእሳት የተጠበሱ የሸክላ እንክብሎች አነጥፋለሁ፣ ውሃው ወደዚያ ይወርዳል፣ አለቀ። ዲዛይኑ በጣም ደስ አለኝ።

በዚያው እሁድ ደወልኩ።

"ምን እየሠራህ ነው?" አሉኝ አባባ፣ ለወጉ ያህል።
ሳላስበው "አፈር እየመረጥኩ" አልኳቸው።

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ምን ዓይነት አፈር?"

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የግብርና ባለሙያ ነበሩ፣ ሞረትና ጅሩ ውስጥ፣ ኢነዋሪ አካባቢ። ይሄን እንደ ስማቸው አውቀዋለሁ። እዚያ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

"ለእንሽላሊት ነው" አልኩ።
"ለምን?"
"የማሳድገው እንሽላሊት አለ።"
"በገንዘብህ?"
"አይ፣ ሰው ሰጥቶኝ ነው።"
"እሰይ። በገንዘብህ ገዝተህ መስሎኝ ደንግጬ።"

ቅይጡን መዘርዘር ጀመርኩ። ፈርኑ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ። "ቆይ፣ ቆይ። ውሃው የት ይሄዳል?"
"ታች ጠጠር ነገር አለ።"
"ጠጠር ከታች ስላለ ላዩ ይደርቃል ያለህ ማነው?"

እውነታቸውን ነው፣ ኋላ አጣርቼዋለሁ። ደቃቅ አፈር ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይይዛል፣ እስኪጠግብ ድረስ ሥሩ ላለው ሰፋፊ ክፍተት አይለቅም። ስለዚህ ጠጠር ሲነጠፍ ረግረጉ አይጠፋም፣ ከጠጠሩ በላይ ይቀመጣል። ጠጠሩ የሚጠቅመው ለሚተርፈው ውሃ ማረፊያ ለመሆን ነው። የረግረጉ ውፍረት ደግሞ አፈሩ ጥልቅ ሆነ አልሆነ ያው ነው። ስለዚህ አፈሩን ከፍ ባደረግከው መጠን ከረግረጉ በላይ አየር ያለው ቦታ ይጨምራል። እኔ ይሄን ለመረዳት ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል። አባባ በአንድ ቃል ጨረሱት፦ "መደብ።"

የኢነዋሪ መሬት ዋልካ ነው አሉኝ። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውሃውን አላሳልፍ ይላል። ስንዴ ብትዘራበት ቆሞ ይበሰብሳል። ታዲያ ሰዉ መሬቱን አልጣለውም። ሰፊ መደብ እያወጣ፣ በመሀሉ ቦይ እየተወ፣ ውሃውን ያፈሰዋል። ኋላ እሳቸው ሥራ ላይ እያሉ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ መጣ። በፊት ግን ሥራው የእጅ ነበር። ወንዱ ያርሳል፣ ሴቱና ልጁ ከኋላ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ይከምራል።

"እናትህ በዚህ አንደኛ ነበረች" አሉ።
"በምኑ?"
"በመደቡ ነዋ! እኔ እዚያ ተመድቤ ስሄድ ልጃገረድ ናት። እሷ ያወጣችው መደብ በገመድ የተለካ ነው የሚመስለው። ጭቃው ከጥፍሯ ሥር እስከ መስቀል አይለቅም ነበር።"

እኔ የማውቃት እናቴ ቡና ስትቆላ ጥላሸት ቀሚሷን ከነካው የምትበሳጭ ሴት ናት። ጭቃ ውስጥ አስቤያት አላውቅም። አባቴም ከቀብሯ ወዲህ ስሟን አንስተው አያውቁም። ዛሬ አነሱ፣ ቀጠሉም። የተኮናተረ ሥራ እንዴት እንደማትወድ፣ ሌላው ሲያርፍ እሷ ቦይ ስትጠርግ እንደምትውል ነገሩኝ። እኔ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ፣ አጠገቤ የአፈር ከረጢት፣ ተቀምጬ ሰማሁ። ስልኩ ሲዘጋ አርባ አንድ ደቂቃ ይል ነበር።

ሳጥኑን በማግስቱ ሠራሁት። ከታች አምስት ሴንቲ ሜትር የሸክላ እንክብል፣ በላዩ መረብ፣ ጥግ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ የምመጥበት ቀጭን ቱቦ። ከዚያ አፈሩን በማንኪያ ልሠራው ጀመርኩና ተውኩት። በእጄ ዛቅሁት። ከኋላ ከፍ፣ ወደ ፊት ዝቅ፣ ሁለት መደብ፣ በመሀሉ ወደ ቱቦው የሚያወርድ ቦይ። ላዩን በደረቀ የኦክ ቅጠል ሸፈንኩ፣ ሻጋታና ኩስ የሚበሉ ስፕሪንግቴይልና አይሶፖድ የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረቶችም ለቀቅኩበት። መደቦቼ በገመድ የተለኩ አይመስሉም። አንዱ ተጣሟል።

ሽታው አልተመለሰም። አዲሱ ፖቶስ ቅጠል አወጣ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት መብራት ሳላበራ ስመለከት፣ ጭራ የሌለው ጓደኛዬ መደቡ ላይ ወርዶ ቅጠል ሲያገላብጥ አገኘሁት።

ፎቶ አንስቼ ለአባባ ላክሁላቸው። እሁድ ገና "ሄሎ" ከማለቴ፦

"ያ ፍጥረትህ አስቀያሚ ነው። የግራው መደብ ደግሞ ጠማማ ነው። ቦዩን ጥረገው።"

"እሺ አባባ" አልኩ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።