የሽንኩርቱ ጭማቂና የአክስቴ መርፌ

ውድ እህቶቼ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ በገዛ ቤታችን የደረሰውን ነው። ባለፈው ዓመት ለመስቀል ወልቂጤ ስገባ፣ አክስቴ እንደ ልማዷ ክትፎውን፣ አይቡንና ጎመኑን ከቆጮ ጋር አቅርባ ጠበቀችኝ። እርሷ ግን ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳትጨርስ «ጠገብኩ ልጄ» ብላ እጇን ሰበሰበች። ሆዷ ተነፍቶ መቀነቷ አልደርስ ብሏት ነበር። ለወራት «ነፋኝ» ስትል ሁላችንም «ጨጓራ ይሆናል» እያልን ማለፋችን ዛሬም ይጸጽተኛል። ስትመረመር የተገኘው፣ ከማሕፀን ግራና ቀኝ ካሉት የእንቁላል ማምረቻዎች በአንዱ ላይ የበቀለ ካንሰር ነበር።

አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጠውን መርፌ ጀመረች። መርፌው አድክሟት ፀጉሯም ሲረግፍ፣ ቡታጅራ የምትኖረው ልጇ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይዛ መጣች። «ካንሰርን የሚገድል ነገር አለው ይባላል፤ መርፌው ይቅርና ጭማቂውን ትጠጣ» አለች። አክስቴም ደስ አላት። እኔ ግን ልቤ ስላላረፈ ሐኪም ጠየቅሁ።

ሐኪሙ አልሳቁብኝም። «ወሬው መነሻ አለው» አሉኝ። በዕፅዋት ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ክዌርሴቲን በሽንኩርት፣ ሌላው ኬምፌሮል ደግሞ በጎመን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 የኢጣሊያ ተመራማሪዎች፣ ክዌርሴቲን በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ የሚራቡትን የዚሁ ካንሰር ሕዋሳት እድገት እንደሚገታ አሳይተዋል። ነገር ግን በዚያ ዕቃ ውስጥ ሕዋሱ በንጥረ ነገሩ ተነክሮ ይውላል። የበላነው ሽንኩርት ግን በአንጀትና በጉበት ስለሚለወጥ ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ መልካም ምግብ ነው እንጂ የካንሰር መድኃኒት አይደለም። ተጠናክሮ የተዘጋጀ የዕፅዋት መድኃኒት ደግሞ ከመርፌው ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ ለሐኪም ሳይነገር አይወሰድም።

ይህን ይዤ ተመለስኩ። «ጎመኑንና ሽንኩርቱን ማን ከለከለሽ እትዬ? መርፌውን ብቻ አትተይብን» አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ ነጠላዋን አንሥታ «እንግዲያው መኪናው እንዳያመልጠን» አለች። ስድስተኛውን መርፌ ጨርሳ አሁን በክትትል ላይ ናት።

እህቶቼ ሆይ፣ ጎመኑን ከገበታችሁ አታጉድሉ። ነገር ግን ሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት አዲስ ሆኖባችሁ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት ካለፈ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የማሕፀን በር ምርመራ አድርጌአለሁ ብላችሁም አትዘናጉ፤ ያ ምርመራ ይህንን ካንሰር አያሳይም። እኛ «ጨጓራ ይሆናል» ብለን ያጠፋነውን ጊዜ እናንተ አታጥፉት።