ዘመድ እያለ ጌስት ሀውስ

አዲስ አበባ ዘመድ ያለው የክፍለ ሀገር ሰው ሆቴል አያድርም። ያልተጻፈ ሕግ ነው። ከመናኸሪያ ወርዶ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚሄደው ወደ ወንድሙ፣ ወደ አክስቱ ልጅ፣ እነሱም ባይኖሩ ወደ አገሩ ልጅ ቤት ነው። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል፤ የቤቱ ልጆች አልጋቸውን ለቀው ሶፋ ላይ ይተኛሉ፤ እንግዳውም በሦስተኛው ቀን «መቼም አስቸገርናችሁ» ማለት ይጀምራል። ሌላ ቦታ ያደረ እንደሆነ ደግሞ ቅያሜው ቀላል አይደለም፤ በየሠርጉና በየለቅሶው ሲነሳ ይኖራል።

ይህ ሕግ ሲወጣ ግን የአዲስ አበባ ዘመድ ግቢ ነበረው። ታናሽ እህቴ የምትኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው። ሕንጻው አሳንሰር የለውም። እናታችን ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። አምና ትንሹ ልጄ ታሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ አብራን መጥታ ነበር። ያንን ደረጃ አራት ጊዜ እያረፈች ወጣች፤ ከወጣች በኋላ ለዘጠኝ ቀን አልወረደችም። የልጅ ልጇ አልጋ አጠገብ ልትሆን ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ፣ ፎቅ ላይ ሆና ስልክ ስትጠብቅ ሰነበተች። ስለዚያ ሰሞን ብዙ አታወራም። «ቆጥ ላይ እንደወጣች ዶሮ ከረምኩ» ትላለች፤ ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ወደ ጀሞ ስንሄድ በታክሲ መስኮት የመካኒሳን አቦ አይታ ተስላ ኖሯል፤ ልጁ ከዳነ ጥላ ላገባ ብላ። ልጁ ዳነ። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ስእለቷን ለማድረስ፣ ልጆቹም ከተማውን እንዲያዩ፣ ለሦስት ሌሊት ተነሳን። ጭቅጭቁ የመጣው ማረፊያችን ሲወሰን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ የማይርቅ፣ ደረጃ የማያስወጣ ክፍል ያለው ጌስት ሀውስ አግኝቼ ለእህቴ ደወልኩላት።

«ቤት እያለኝ እናቴ ከፍላ ትደር? ጎረቤቱስ ምን ይለኛል?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። መልሳ ስትደውል ድምጿ ተሰብሯል። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና «ልጄ፣ ወደ አንቺ መውጣት አቅቶኝ እንጂ ጠልቼሽ አይደለም። አንቺ ውረጂልኝ» አለቻት። ከዚያ በኋላ እህቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አልጋው ለሁለት ይበቃል?»

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሱ ላምበረት ያወርዳል፤ መካኒሳ ደግሞ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ሻንጣ፣ ሁለት ልጅ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ጥላ፣ በዚያ ላይ ብርድ ልብስ ይዞ ታክሲ መቀያየር አይታሰብምና ራይድ ጠራን። ብርድ ልብሱ የእናቴ ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ሰው በሌላ ሰው ብርድ ልብስ አይተኛም ባይ ናት።

ከሳር ቤት አልፈን ወደ ብስራተ ገብርኤል ስናመራ ሾፌሩ «ካርል አደባባይ» ሲል እናቴ ቀና አለች። የመርሐ ቤቴ ልጅ ናት። ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርል ሃይንዝ በም በ1981 እ.ኤ.አ. «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሥርቶ ከሠራባቸው ወረዳዎች አንዱ መርሐ ቤቴ ነው፤ በዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታልም የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ሰውየው ካረፈ ከ2006 ዓ.ም ወዲህ ዓመታት ቢያልፉም፣ ለእናቴ «ካርል» ማለት እንደ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ነው። ልጆቹ ተዋናይ እንደነበረ ሲሰሙ ዞረው አደባባዩን በኋላ መስኮት አዩት።

ከዚያ አቦ ማዞሪያ፣ ቀጥሎ መካኒሳ። ስሙ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ብሳና ማለት ነው፤ ሰፈሩ የዛፉን ስም ይዞ ቀርቷል። ታች ትንሹ አቃቂ ይወርዳል። በዳርቻው ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙ ገበሬዎች የኖሩበት አካባቢ ነው። በሐምሌ ግን ወንዙ ደፍርሶ፣ የከተማውን ፍሳሽና ፌስታል ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ ጎመኑን ያየ እንጂ የገዛ ከእኛ መሀል አልነበረም።

ጌስት ሀውሱ የሪል እስቴት ማስታወቂያዎች «ታውን ሀውስ» የሚሉት ዓይነት ቤት ነው። ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ፊቱ ጠባብ ነው፤ ወደ ላይ ሦስት ደርብ አለው፤ ግቢው አንድ መኪና ያስቆማል። እንዲህ ዓይነት ቤት ሲሠራ ሳሎንና ወጥ ቤቱ ታች፣ መኝታ ክፍሎቹ ላይ ይሆናሉ። መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ አያት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን አይሁን፤ ታች መኝታ ክፍል መኖሩን ጠይቁ። እኛ ያገኘነው የሳሎኑን ግማሽ በቺፑድ ከፍለው የሠሩትን ነው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ መታጠቢያ ቤቱም ደረጃ የለውም። ቺፑዱ ግን ድምፅ አያስቀርም። በወዲያ በኩል ያለው ቴሌቪዥን በየማታው የቱርክ ድራማ ስለሚያሳይ፣ እናቴ አንዱንም ተዋናይ ሳታይ ማን ማንን እንደከዳ አወቀች።

የታችኛው ክፍል በአንድ ሌሊት 1,800 ብር፣ እኔና ልጆቹ ያደርንበት ሁለተኛው ፎቅ 1,500 ብር ነበር፤ ቁርስ ጨምሮ። ርካሽ የሆነበት ምክንያት አይደበቅም። አሳንሰር የለም፣ ምግብ ቤት የለም፣ የእንግዳ መቀበያው አንድ ጠረጴዛና አንድ መዝገብ ነው። ሁለት ሠራተኞችና አንድ ዘበኛ አሉ፤ ባለቤቷ ራሳቸው ከኋላ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ቦይለር አለ፤ መብራት ሲጠፋ ግን እሱም አብሮ ይጠፋል። ውሃ በፈረቃ ቢመጣም ሮቶው አላጎደለብንም። ላይኛው ፎቅ ላይ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጆቹ መጀመሪያ ፈሩ፣ በኋላ ለመዱት። እኔ አልለመድኩትም።

እናቴ ሌላ ስጋት ነበራት። ለእሷ ትውልድ «ፔንሲዮን» የሚለው ቃል ጥሩ ስም የለውም፤ በሰዓት የሚከራይ ክፍል ነው የሚታያቸው። እዚህ ግን አዋቂ ሁሉ መታወቂያውን አሳይቶ ይመዘገባል፤ የውጭው በርም ማታ በሦስት ሰዓት ይቆለፋል። ዘበኛው «ማዘር፣ የእርስዎም ጭምር» ብሎ መታወቂያዋን ሲጠይቃት በኩራት አወጣችለት። መታወቂያ የማይጠይቅ ቤት ልጅ ይዞ ለማደር አይመችም፤ ይህን እኔም አምናለሁ።

በአንደኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ የእንጨት የሕፃን አልጋ ቆሟል፤ አሁን የታጠፈ አንሶላ ይቀመጥበታል። ልጄ የማን እንደሆነ ስትጠይቅ ባለቤቷ ታሪኩን ነገሩን። ቤቱ ሥራ ሲጀምር እንግዶቹ በአብዛኛው ሕፃን በጉዲፈቻ ለመውሰድ ከውጭ የሚመጡ ባልና ሚስቶች ነበሩ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ በጥር 2010 ዓ.ም ፓርላማው ባጸደቀው ሕግ የውጭ ጉዲፈቻ ቆመ። «ሕፃኖቹ የመጀመሪያውን ሌሊት ሲያለቅሱ ያድራሉ። ፈረንጆቹም ያለቅሳሉ። እኔ መሀል ቆሜ ወተት አሞቃለሁ» አሉ። አሁን የሚመጡላቸው ለሕክምና ቀጠሮ የሚጠብቁ የክፍለ ሀገር ቤተሰቦችና ለሠርግ የሚመጡ ዲያስፖራዎች ናቸው። እኛ በነበርንበት ሰሞን ከጅማ የመጡ አንድ አባት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበሩ፤ ልጃቸው የአጥንት ሐኪም ይጠብቃል።

በመጀመሪያው ማታ እህቴ ፊቷን አጨፍግጋ መጣች። ማንንም ሰላም ሳትል አንሶላውን ገልጣ አየች፤ መታጠቢያ ቤቱን ፈተሸች፤ ሙቅ ውሃውን በእጇ ሞከረች። የትራሱን ልብስ ከቤቷ ባመጣችው ቀየረችው። ነቀፋ ስታጣ ጫማዋን አውልቃ እናቷ አጠገብ ጋደም አለች። እኩለ ሌሊት ላይ ውሃ ልጠጣ ስወርድ በቺፑዱ በኩል አሁንም ያወራሉ። ምን እንደሚሉ አልሰማሁም፤ አንዴ ሳቅ፣ አንዴ ረጅም ዝምታ ነው። ባልና ልጆች ባሉበት በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከእናት ጋር እንዲህ አይወራም። እህቴ ለአንድ ሌሊት ብላ መጥታ ሦስቱንም አደረች።

በማግስቱ ልጆቹን ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድኳቸው፤ እናቴም አብራን መጣች። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች መሆኗን ሳነብላቸው ትንሹ «ከእማማ ትበልጣለች?» ብሎ ጠየቀ፤ እማማም «በጥቂት» አለች። ከዚያ ፒያሳ ያለውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ልንጨምር አስበን ነበር። ትተነው ተመለስን። በእኔ ግምት አያትና ልጅ ይዞ ለሚዞር ሰው በቀን አንድ ቦታ በቂ ነው፤ ቀሪውን ሰዓት መንገዱ ይወስደዋል።

ሐምሌ 5 የወሩ የአቦ ቀን ነው፤ የጴጥሮስ ወጳውሎስም በዓል ስለሆነ የሰኔ ጾም የሚፈታው በዚሁ ዕለት ነው። ገና ሳይነጋ የካህናቱ ዜማ በድምፅ ማጉያው ገባ። ማለዳ መተኛት የሚፈልግ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ለእናቴ ግን ክፍሉ የተወደደው በዚህ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በአንድ እጇ ከዘራ፣ በሌላው የልጅ ልጇን ይዛ ወጣች። ጥላውን የተሸከመው እሱ ነው። ከበሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእሷ እርምጃ አሥር ደቂቃ ፈጀባት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቆመች፣ እሱንም ለማኝ ለመመጽወት ነው። በወጣትነቷ ዝቋላ አቦ ለመውጣት ታስብ ነበር። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነውና አሁን አታነሳውም። ልጁ በአንበሶችና በነብሮች የተከበቡትን የጻድቁን ሥዕል ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጥላውን ለካህኑ ያስረከቡት ሁለቱ አብረው ነው። አምና ያጣችውን ቦታ፣ የልጁን አጠገብ፣ ያን ዕለት ከጧት እስከ ማታ ለማንም አለቀቀችም።

ስንመለስ እህቴ ከጀሞ ዶሮዋን በድስት ይዛ፣ ባሏንና ልጆቿን አስከትላ ግቢ ውስጥ ጠበቀችን። መኪና ማቆሚያው ክዳን ሥር፣ ዝናቡ በጎን እየገባ፣ የከሰል ምድጃ ተለኩሶ ቡና ተፈላ። የጅማው አባት ከልጃቸው ጋር ተጠርተው ወረዱ፤ ባለቤቷም ከሰርቪስ ቤታቸው በርጩማ ይዘው መጡ። ቆንጆ ቡና ነው ብለው ካመሰገኑ በኋላ የጅማው አባት የሚቀጥለው የእሳቸው መሆኑን ተናገሩ፤ ማታም ቃላቸውን ጠበቁ።

ስንወጣ ሒሳቡን ልከፍል ጠረጴዛው ጋ ስደርስ እህቴ ቀድማኝ ቆማለች። ክፍያውን ለሁለት እናድርገው አለች፤ አልተከራከርኳትም። ከዚያ መዝገቡን ወደ ራሷ ስባ፣ የታችኛው ክፍል ለጥቅምት 5 ክፍት መሆኑን ጠየቀች፤ የባሏ እናት ከወሊሶ ይመጣሉ። ለበዓል ሰሞን ቀብድ እንደሚያስፈልግ ነገሯት። ከቦርሳዋ አምስት መቶ ብር አወጣች።