ወረቀትሽን ከእምዬ እጅ አርቂ

ይድረስ ለልጄ፣

ነገ ስትሸኚ ቤቱ በሰው ስለሚሞላ የምልሽን በወረቀት አድርጌዋለሁ። ጎንደር ገብተሽ ከአያትሽ ከእምዬ ጋር መኖር ከመጀመርሽ በፊት አንብቢው።

ከቀላሉ ልጀምር። ዲግሪሽን፣ የቅጥር ደብዳቤሽን፣ የባንክ ደብተርሽን ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ አስገቢ። እምዬ አመሻሽ ላይ ወረቀት ካገኘች ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። የአክስትሽን የቤት ግብር ደረሰኝ እንዳለ አንድዳዋለች። ዘመድ ሁሉ «ጃጅታ ነው» ይላል። እርግጥ ጃጅታለች፤ ግን የምታቃጥለው ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሐኪሟ እንዳስረዳኝ፣ የመርሳት በሽታ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የምንይዝበትን የአንጎል ክፍል ነው፤ የድሮው ቆይቶ ነው የሚለቀው። እና አቦሉን ጠጥታ ሲኒውን ሳታስቀምጥ «ኧረ ቡናው መቼ ነው የሚፈላው?» ብትልሽ አትሳቂ፣ አትቆጪያት። ቡናውን ግን እሷ ታፍላው። አጥባ፣ ሳታሳርር ቆልታ፣ ጭሱን በእጇ ወደ እንግዳው ስታርገበግብ ብታያት የታመመች አትመስልሽም። ከሰሉን ብቻ አንቺ ጠብቂ፤ በር ዘግታ ትረሳዋለች።

«ማን ነኝ? አወቅሽኝ?» እያልሽ አትፈትኚያት። የመጣ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃታል፣ እኔን ደግሞ ያበግነኛል፤ ሰው በገዛ ቤቱ በየቀኑ ፈተና ይቀመጣል እንዴ? ስምሽንና የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪያትና ሳሚያት፣ በቃ። ጠበል ልሂድ ካለች ውሰጂያት፤ የደም ግፊት ክኒኗን ግን ማንም አቁሚ እንዳይላት። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰባትም «እርጅና ነው» ብለሽ አትለፊው። በእሷ ዕድሜ የሽንት ኢንፌክሽን እንኳ አእምሮ ያዛባልና ሐኪም ቤት ይዘሻት ሂጂ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ትልቁ አጎትሽ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በወባ ሞተ ሲባል ሰምተሽ ነው ያደግሽው። በወባ አልሞተም። በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር፣ ኢሕአፓ ነህ ተብሎ ከቤት ተወስዶ ተገደለ። በተወሰደበት ሌሊት፣ ለፍተሻ ይመለሳሉ ብላ እምዬ መጽሐፎቹን፣ ደብተሮቹን፣ ያለውን ፎቶ ሁሉ ምጣድ ሥር ማገደችው። መጽሐፍ እንደተጠረዘ ቶሎ አይነድም። ስለዚህ እኔ ጉልቻው አጠገብ ቁጭ ብዬ ገጽ በገጽ እየገነጠልኩ አቀብላት ነበር። ጎረቤት የጭሱን ነገር እንዳይጠይቅ በዚያው እሳት እንጀራ ጋገረችበት። ያን ጊዜ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ፣ ጥቁር መልበስ፣ ድንኳን መጣል አይቻልም ነበር፤ ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቀ ቤተሰብም አለ። ለነፍሱ ያስጸለየችው በክርስትና ስሙ ነው፤ ያንን ስም ከንስሐ አባቷ በቀር ሰፈሩ አያውቀውም። ማታ ማታ የምትጠራውን፣ አንቺ የማታውቂውን ስም ስትሰሚ፣ እሱ ነው።

ሌላም አለ። እሱ ሲገደል ጓደኛው ነፍሰ ጡር ነበረች። ወልዳ ሕፃኑን ለእምዬ ሰጥታ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ አልተሰማም። እምዬ አስቀድማ «አርግዣለሁ» ብላ ደንቢያ ዘመዶቿ ዘንድ ከርማ ነበርና ሕፃን አዝላ ተመለሰች። ጎረቤት ገንፎ ይዞ አራስ ጥየቃ መጣ። ያ ሕፃን ትንሹ አጎትሽ ነው።

በ2002 መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት፣ ስሙን እናስመዝግብ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «የኔ ልጅ በወባ ነው የሞተው» አለችኝ። ደርግን ፈርታ አልነበረም፤ ለትንሹ ብላ ነው። አእምሮዋ ሙሉ ነበርና ፍርዷን ተቀበልኩ። አሁን ግን ትንሹን በአባቱ ስም ትጠራዋለች፤ እንግዳ በተቀመጠበት «ደብቁት፣ መጡ» ትላለች። ከሌላ ሰው ሳይሰማው ብዬ ባለፈው ወር እኔው ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና የእናቱን ስም ብቻ ጠየቀኝ። ከእሱ ቀጥሎ የነገርኩት ላንቺ ነው።

የጻፍኩልሽም ከእሷ አፍ እንዳትፈልጊው ነው። አውቅሻለሁ፣ ነገር ከጀመርሽ ሥሩን ካላየሽ አትተኚም። «እምዬ፣ ከዚያስ?» እያልሽ አትጎትጉቻት። ደህና ሳለች ያልሰጠችሽን አሁን ሲያመልጣት መልቀም ደግ አይደለም። ስልክ ደቅነሽም አትቅረጪያት። የሚጠየቀውን እኔን ደውለሽ ጠይቂኝ፤ እስካለሁ እመልስልሻለሁ። ራሷ አንስታ ስታወራ ግን አታቋርጫት። «ልጄ መጣ ወይ?» ስትልሽ መሞቱን አትንገሪያት፤ በነገርሻት ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ ነው የምትሰማው። «ይመጣል» ብለሽም አታስጠብቂያት፣ ደጅ ተቀምጣ ታመሻለች። «እስቲ ስለሱ አጫውቺኝ» በያት። ስለ ሳቁ፣ ጫማው ስንት ጊዜ እንደተጠገነ ሁሉ ትነግርሻለች። ወረቀት ፍለጋ ስትነሳ ደግሞ አትከልክያት። አሮጌ ጋዜጣ አዘጋጂላትና አብረሻት ምድጃው አጠገብ ተቀመጪ።

ትንሹ አጎትሽ ለጥምቀት ይመጣል። እናቴ ይበላት አያቴ፣ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ከእሱ ቀድመሽ ምንም አትበዪ። ጥር 11 ቀን አንቺ ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ወደ ፋሲል መዋኛ ውረጂና ሁለቱን ቤት ተያቸው። ወጡን በዋዜማው ሠርተሽ አስቀምጪ፤ እሱ ማሞቅ አያቅተውም። እስከ መጀመሪያው ደመወዝሽ የሚሆን ብር በሻንጣሽ የጎን ኪስ አስቀምጬልሻለሁ።

እናትሽ