አባይ ሲሞላና ሲጎድል

አንባቢ ሆይ፤ መንገደኛ ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወንዝ ከልክሎህ ያውቃልን? ኬላ ጠባቂ ቢከለክልህ ትለምነዋለህ፤ አውቶቡስ ቢያመልጥህ የነገውን ትጠብቃለህ። ወንዝ የከለከለህ እንደ ሆነ ግን ልመናም ገንዘብም አይረዳህም። እኔ ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእናቴ ለቅሶ ነው።

የተወለድሁት በወሎ፣ በቦረና፣ በመካነ ሰላም አጠገብ ነው። አገራችንን በካርታ ብትመለከታት በሰሜን በሽሎ፣ በደቡብ ወለቃ፣ በምዕራብ ደግሞ ሁለቱንም የሚቀበላቸው አባይ ከብበዋት ታያለህ። በልጅነቴ ዘመን ክረምት ሲገባ ያ ደጋ በሦስት ወገን በውኃ የታጠረ ደሴት ይመስል ነበር። እናቴ ከማዶ፣ ከጎጃም ተድራ የመጣች ናት። ሰማዩ በጠራ ቀን ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ የአባቷን አገር ተራራ በጣቷ ታሳየን ነበር። ለዓይን ቅርብ ነው፤ ለእግር ግን ከደጋው ወደ በረሓው መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ከዚያም የማዶውን አቀበት መውጣት ነው።

አንድ ዓመት በነሐሴ ወር አያቴ በጎጃም ዐረፉ። መርዶው ለእኛ የደረሰን ግን በኅዳር ነው። በዚያ መካከል አባይ ሞልቶ ነበርና የሚሻገር መልእክተኛ አልተገኘም። እናቴን ከሞቱ ይልቅ ያንገበገባት ሌላ ነገር ነበር። ለዘመን መለወጫ ጠላ ጠምቃ፣ ለመስቀል አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ «አባቴ ደኅና ከርሞ ይሆን?» እያለች ስትስቅ ከርማለች። አባቷ ግን በዚያን ጊዜ ወር ከተቀበረ ቆይቷል። «ውኃው አታለለኝ» ብላ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

በዚያው ኅዳር ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ እኔም ተከትያት ወረድሁ። ከመልካው ስንደርስ መሽቶ ነበር። አሻጋሪው ሽማግሌ ሰላምታ ሰጥተውን፣ አንዲት እንጨት ቆርጠው በውኃው ጠርዝ ላይ ተከሉና «እንግዲህ እደሩ» አሉን። እኔ ልጅ ነኝና ተቈጣሁ፤ ማዶው እኮ ድንጋይ ብወረውር የሚደርስ ይመስል ነበር። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ውኃው ከእንጨቷ ሁለት ጣት ያህል ሸሽቶ አገኙት። «እየጎደለ ነው፤ በእግዚአብሔር ስም እንሻገራለን» አሉ። ዕቃችንን በተነፋ ስልቻ ላይ አስረው እኛንም ስልቻውን አስይዘው እየዋኙ አሻገሩን። «ውኃው ከእንጨቷ ላይ ወጥቶ ቢሆንስ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ተመልሳችሁ ወደ ደጋ ነበራ! የላዩ አገር ዝናም እኛ ሳናየው ይደርሳል» ሲሉ መለሱልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከመሠራቱ በፊት አባይ በዓመት ወደ ሱዳን ያወርደው ከነበረው 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል የሚያልፈው በሐምሌ፣ በነሐሴ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነበር። እንግዲህ የነሐሴው አባይና የሚያዝያው አባይ በስም እንጂ በጠባይ አንድ ወንዝ አይደሉም። በጀልባ ሊያልፉት የሞከሩትም የውጭ አገር ሰዎች ይህን በየፊናቸው ተምረዋል። ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ በ1895 ዓ.ም. በብረት ጀልባዎች ጀምሮት ጀልባዎቹ ብዙ ሳይሄዱ ተሰባበሩ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዙ ሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ጓዶቹን ይዞ ሲመጣ ውኃው ከድንጋዩ በላይ እንዲያሳልፈው ብሎ የሙላቱን ወራት መረጠ፤ ከጓዶቹም አንዱ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ቀረ። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ግን በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ከምንጩ ተነሥተው፣ በበጋው ውኃ ወርደው በ114 ቀን ሜዲቴራንያን ባሕር ደረሱ። አንዱ ሙላቱን፣ ሌላው ጉድለቱን መረጠ፤ ሁለቱም ግን ውኃውን ሳያማክሩ አልተነሡም።

ሙላት ብቻ የሚከለክል መስሎህ እንደ ሆነ ግን፣ አንባቢዬ፣ እኔም እንዳንተ ተሳስቼ ነበር። በ1995 ዓ.ም. በባሕር ዳር ጀማሪ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ የዕረፍት ቀን አገኘሁና በመርከብ ወደ ጎርጎራ ልሄድ አሰብሁ። ስንቄን ቋጥሬ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ገና በጠዋት ከወደቡ ደረስሁ። መርከቧ ቆማለች፤ ሰው ግን የለም። አንድ ጥበቃ «ጌታዬ፣ ውኃው ጎድሏልና ጉዞ የለም» አለኝ። ጣናን የሚያህል ባሕር ፊቴ ተዘርግቶ ውኃ ጎደለ ሲሉኝ የሚያሾፉብኝ መሰለኝ።

ኋላ ጠይቄ ተረዳሁት። መርከቦቹ ያለ ሥጋት ለመሄድ የሐይቁ ፊት ከባሕር ጠለል በላይ 1785 ሜትር ያህል መሆን ነበረበት። ያን ዓመት ግን ወደ 1784 ሜትር ከግማሽ ወረደ። አስቀድሞ ዝናሙ አንሶ ነበር፤ በዚያ ላይ ከሐይቁ መውጫ፣ ከጨረጨራ፣ ለጢስ አባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃ ይለቀቅ ነበር። የጎደለው እንግዲህ አንድ ክንድ ያህል ነው። ስለዚያች አንድ ክንድ አራት ወር ያህል የመርከብ ጉዞ ቆመ። ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሄደው ጎብኚ ወደ ሌላ አገር ሊዞር ይችላል፤ የጎርጎራ ነጋዴና በሽተኛውን ወደ ሐኪም የሚወስድ ቤተ ሰብ ግን ወዴት ይዞራል?

ይህ የእኛ ድኽነት ያመጣው ብቻ ነው እንዳትል። በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ላይ እንደ ሆቴል ያማሩ መርከቦች መንገደኛ እያበሉና እያስተኙ ከከተማ ወደ ከተማ ያዞራሉ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ግን ካውብ በተባለው ስፍራ የውኃው መለኪያ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ አነበበ። ይህ ቁጥር የወንዙ ጥልቀት አይደለም፤ ለመርከበኛ ግን ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ለመርከብ ከፍሎ የመጣው እንግዳ በአውቶቡስ ተጭኖ ይጓዛል። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ መርከቡ በድልድይ ሥር ማለፍ ይሳነውና እንደ ገና ይቆማል።

ልዩነታችን ሌላ ነው። በዚያ አገር መንገደኛው ከቤቱ ሳይወጣ የወንዙን ቁጥር አንብቦ ይቈርጣል፤ እናቴ ግን ሦስት ወር ሙሉ ምንም ሳታውቅ ከረመች።

እርግጥ ድልድይ ትልቅ ነገር ነው፤ እርሱም ቢሆን ውኃውን ካላወቀ አይበረክትም። ከሞጣ በታች ያለው ሰባራ ድልድይ በፋሲል ዘመን የታነጸ ነው ይባላል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰብሮ ሰው በገመድ እየተሳበ ሲሻገርበት ኖረ። በ1994 ዓ.ም. በብረት ቢጠገን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደውና፣ ኋላ ከውኃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። ዛሬ ከሕዳሴው ግድብ ጀርባ በተኛው በንጋት ሐይቅ ላይ ጀልባ ይሄዳል፤ ያም ሐይቅ እንደ ወራቱ ከፍና ዝቅ ይላልና ጀልባ ነጂው መለኪያውን ማየት አይቀርለትም።

አንተ ተማሪ፣ አንተም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፤ ምናልባት ነገ ወደ አንድ ሩቅ ወንዝ ዳር ተልከህ በውኃው ውስጥ የቆመውን የቁጥር ዘንግ ጠዋትና ማታ እያነበብህ በመዝገብ እንድትጽፍ ትታዘዝ ይሆናል። ደመወዙ ትንሽ፣ በረሓው ወባማ፣ ሥራውም ሰልቺ ይመስልሃል። አንድ ቀን ሳትወርድ ቀርተህ «ትናንትም ይኸው ነበር» ብለህ የትናንቱን ቁጥር ልትገለብጥ ይቃጣህ ይሆናል። እባክህ አታድርገው። የሽማግሌውን እንጨት አስብ። እርሳቸው መጻፍ አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን ጠዋት ወርደው ሳያዩ ማንንም «ተሻገር» አላሉም።

እናቴ ዛሬ አርጅታለች። ክረምት ሲመጣ አሁንም ወደ ማዶ ታያለች። ስልክ በኪሷ ይዛ ሳለ እንኳ የወንድሟ ልጅ ሲደውልላት ከሰላምታው በፊት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አባይ እንዴት አደረ?» ትለዋለች።