ሬቪት መቻል ቢም ማወቅ አይደለም፦ ከካርቱም እስከ ልደታ

ካርቱም የኖረ ሐበሻ ጅሬፍን ያውቃታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የኖሩባት ይህች ሰፈር ዓባይ ዳር ናት፤ ወንዙ ከደጋው ጠርጎ ባመጣው ደለል ቀይ ጡብ የሚተኮስባቸው ምድጃዎችም እዚያው ዳርቻ ላይ ሲጨሱ ኖረዋል። አዲስ አበባ ላይ ግድግዳው በአብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20፣ ውፍረቱ እንደ ግድግዳው 10፣ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር። የኮንስትራክሽን ተማሪ የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌሩን ሬቪትን ሲከፍት ግን የጅሬፍን ጡብም የአዲስ አበባን ብሎኬትም ተዘጋጅተው አያገኛቸውም። ራሱ ለክቶ ማስገባት አለበት።

የቢም ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አውቶካድ ላይ ግድግዳ ሁለት መስመር ነው። በሕንፃ መረጃ ሞዴል (ቢም) ውስጥ ግን ግድግዳው ከምን እንደተሠራና ምን ያህል እንደሚወፍር መረጃውን ይዞ ይቀመጣል። የጡቡ ልክ ሲሳሳት የጡቡ ብዛት፣ የሞርታሩ መጠንና የክፍሉ ስፋት አብረው ይሳሳታሉ፤ ስህተቱም ቀጥ ብሎ ቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ) ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ትምህርት አብሮ መሥራት ነው። እንግሊዝ በማዕከላዊ መንግሥት በጀት የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በቢም እንዲሠሩ አስገድዳለች (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሲንጋፖር ከዚያ ቀድማ የግንባታ ፈቃድ ጠያቂዎች ሞዴል እንዲያስገቡ ማድረግ ጀምራ ነበር። አሠሪው ሲጠይቅ ዩኒቨርሲቲው ይከተላል። ቢም በሚሰጥበት ክፍል አንዱ ተማሪ አርክቴክት፣ ሌላው የስትራክቸር መሐንዲስ፣ ሌላው የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሆናል። ሞዴሎቻቸውን ሲያዋህዱ የአንዱ ቧንቧ የሌላውን የኮንክሪት አግዳሚ ሰንጥቆ ሲያልፍ ስክሪን ላይ ያዩታል። ክርክሩ ሳይት ላይ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ያልቃል።

ካርቱም ለዚህ የሚሆን መሠረት አላጣችም። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1902 ከተከፈተው ጎርደን ኮሌጅ ይመዘዛል፤ የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ከተማ ነው። ችግሩ ከውጭ መጣ። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ ኦክቶበር 2017 ቆየ፤ የሬቪትና የአውቶካድ ባለቤት አውቶዴስክ ደግሞ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ2014 የኢንተርኔት ትምህርት መድረኩ ኮርሴራ እንኳ ለሱዳን ተማሪዎች ትምህርቱን ዘግቶ ነበር። ሕጋዊው በር ሲዘጋ የሚቀረው ክራክ የተደረገ ቅጂ ነው። ክራክ ሥዕል ያሠራል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠራበትን የኢንተርኔት ሞዴል ግን አይከፍትም፣ ፈቃድ ያለው አካውንት ይጠይቃልና። ተማሪው ሶፍትዌሩን ይለምዳል፤ አብሮ መሥራቱን አይማርም። ከዚያ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ ተማሪና መምህር ተበተነ፣ ብዙ የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርታቸውን በኢንተርኔት ለመቀጠል ተገደዱ።

አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ማዕቀብ የለም። አውቶዴስክ ለተማሪ በየዓመቱ የሚታደስ ነጻ ፈቃድ ይሰጣል። ልደታ የሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ፣ በ1954 በስዊድን ትብብር የተቋቋመው፣ አርክቴክቸርንና የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንትን በአንድ ግቢ ያስተምራል። የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ኢንስቲትዩትም በቢም ላይ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ሆኖም ጨረታው አሁንም በአብዛኛው የሚሄደው በወረቀት ድሮዊንግና በቢኦኪው ነው። ባለቤቱ ሞዴል ካልጠየቀ ኮንትራክተሩ አያቀርብም፤ ኮንትራክተሩ ካልፈለገው ዲፓርትመንቶቹን በአንድ ፕሮጀክት የሚያገናኝ ግፊት አይኖርም።

መፍትሔው የፈቃድ ገንዘብ አይጠብቅም። ሞዴልን ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር የሚያሻግረው አይኤፍሲ የተባለው ፎርማት ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፣ የአንድ ኩባንያም አይደለም። በኖቬምበር 2024 የወጣው ፍሪካድ 1.0 የተባለ ሶፍትዌር የቢም መሣሪያዎችን ይዞ በነጻ ይወርዳል። አራት ተማሪዎች አንድ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ወስደው፣ አንዱ አርክቴክቸሩን፣ አንዱ ስትራክቸሩን፣ አንዱ ሳኒተሪውን፣ አንዱ ዋጋውን ሠርተው፣ ማርኩ በተዋሃደው ሞዴል ላይ ቢሰጥ ኮርሱ ቢም ይሆናል።

ለንደን፣ ዱባይ ወይም ቶሮንቶ በቢም የምትሠሩ መሐንዲሶች፣ ለተማራችሁበት ዲፓርትመንት ዛሬ ጻፉ፤ በሴሚስተር አንድ ምሽት የተማሪዎቹን የተዋሃደ ሞዴል በኢንተርኔት ገምግሙላቸው።