የሱሉልታ ሣር እና የአየር ንብረት ጥናቶቻችን

ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ገበሬው ኑሮ ለማጥናት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቦረናን፣ አፋርንና ሶማሌን ነው። ማሰቡም ተገቢ ነው፤ ከ2013 ጀምሮ የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከዱት የቦረና አርብቶ አደር ከብቱን እንዴት እንዳጣ ሁላችንም ሰምተናል። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የሚደረስባቸው የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ዙሪያ ገበሬዎች ግን በዚህ ጥናት ውስጥ ድርሻቸው ትንሽ ነው። ደጋ ነው፣ ዝናብ አያጣም፣ ገበያው ደጃቸው ነው፣ ምን ይሆናሉ ተብለው ይታለፋሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ አንድ ቤተሰብ ክፉ ዓመትን መሻገር አለመሻገሩን የሚወስነው ከሁሉ በፊት የሣር መሬቱና የይዞታው ዋስትና ነው። ዝናብና ሙቀት ለክቶ የመሬቱን ጉዳይ «ፖለቲካ ነው» ብሎ የሚተው ጥናት ዋናውን ነገር ሳያጠና ቀርቷል።

ከሱሉልታ ልጀምር። ከእንጦጦ ጀርባ ተነስቶ ወደ ጫንጮ የተዘረጋው ሜዳ ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ውኃ ቶሎ አያሰርግም፣ ለብዙ እህል አይመችም፣ ለሣር ግን ከእሱ የተሻለ የለም። ክረምቱ ሲገባ ሣሩ ከከብት ይከለከላል። በሣሩ መካከል ማገጥ ይበቅላል፤ ማገጥ ከባቄላና ከአተር ወገን ስለሆነ ለአፈሩ ናይትሮጅን፣ ለላሚቱ ፕሮቲን ይሰጣል። መስከረም ሊያልቅ ሲል አጨዳው ይጀመራል። ሣሩ በማጭድ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይገላበጣል፣ ይከመራል፤ ከዚያ በሽቦ ታስሮ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ላም አርቢዎች ይጫናል። ላም የሌለው ሰው እንኳ የቆመ ሣሩን ሸጦ ገንዘብ ያገኛል። ቀኑን መምረጥ ትልቅ ዕውቀት ነው። አጨዳው ከዘገየ ሣሩ አገዳ ይሆንና ፕሮቲኑ ይወርዳል፤ ከተቸኮለ ደግሞ የጥቅምት ዝናብ ታጭዶ የተኛውን ሣር ያሻግተዋል። የወቅቶች መዛባት በዚህ አካባቢ ገበሬውን የሚጎዳው እንዲህ ባለው መንገድ ነው፤ ዝናቡ ጨርሶ ሳይቀር፣ በማይፈለግበት ሳምንት በመምጣቱ።

ያ ድርቆሽ ላሚቱን በበጋው ያቆያታል። ወተቱና ቅቤው በአብዛኛው ሴቶች የሚያዙበት ገቢ ነው፤ ጤፍ ተሸጦ ከሚገኘው ገንዘብ በተለየ በየሳምንቱ ለጨው፣ ለደብተር፣ ለመድኃኒት ይውላል። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ይሸጣል። በሬው ያርሳል። የእህሉ ምርት ከቀነሰ ቤተሰቡ ጊደር ሸጦ ዘር ይገዛል፣ መሬቱንም በኮንትራት ሳይሰጥ ዓመቱን ያልፋል። በሰበታ በኩል መልኩ ይለያያል፤ በወጨጫ ተዳፋት ላይ ገብስና ስንዴ፣ ወደ በቾ ሜዳ ሲወረድ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ አለ። ሽምብራና ጓያ ክረምቱ ሲያበቃ አፈሩ ውስጥ በቀረ እርጥበት ስለሚበቅሉ ለዝናብ አለመታመን የተሰጡ የቆዩ መልሶች ናቸው። ቡራዩ ደግሞ የአዲስ አበባን የመጠጥ ውኃ የሚያጠራቅመው የገፈርሳ ግድብ ያለበት ነው፤ ከግድቡ በላይ ያለው መሬት እርሻና ግጦሽ ሆኖ መቆየቱ ከተማው ራሱ የሚጠጣው ጉዳይ ነው። በሦስቱም ቦታ አራሹና አርቢው አንድ ሰው ነው፤ ከብቱን ያጣ ገበሬም እርሻውን በግማሽ ያጣል።

ጥቂት ስፋት ያለው እርጥብ መሬት ብዙ ኑሮ እንደሚሸከም ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በሰበታ አቅራቢያ የሚያልፈው አዋሽ ወደ ታች ወርዶ አፋር ውስጥ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር ያለው ለም መሬት ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተሰጠ። ከአፋር ምድር ጠቅላላ ስፋት አንጻር የተወሰደው ትንሽ ነበር። ነገር ግን የተወሰደው አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን ይዞ የሚሸሽበት ግጦሽ ነበር። የ1965 እና የ1966 ድርቅ ሲመጣ የሚሸሽበት አልነበረውም። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረሀብ መጽሐፉ፣ ሄልሙት ክሎስም በ1982 እ.ኤ.አ. ስለ አዋሽ ሸለቆ በጻፈው ጥናት ይህን ያነሱታል። ድርቁ እውነተኛ ነበር፤ ድርቁን ወደ እልቂት ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ግን አስቀድሞ የተወሰደው ሣር ነበር። በሱሉልታ ሜዳ ላይ ቤትና መጋዘን ሲሠራ ሳይ የማስበው ይህን ታሪክ ነው። ሜዳው ደልዳላ ስለሆነ፣ ያልታረሰ ስለሚመስል፣ ብዙ ጊዜም የወል ስለሆነ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጎ፣ ለገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል፣ ለአርብቶ አደሩም ለግጦሽና ለእርሻ ነፃ መሬት የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት ይሰጣል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ሲወሰድ ካሳ ይከፈላል። በ1997 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚያገኘው የማፈናቀያ ካሳ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 አሻሽሎታል፤ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል፣ የወል ይዞታም በስም ተነስቷል። መሻሻሉን አልክድም። ሆኖም መሬት መግዛት በማይቻልበት አገር የካሳ ገንዘብ የተወሰደውን መሬት በሌላ መሬት ለመተካት አያስችልም፤ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ የዋጋ ንረት ይበላዋል። ላሚቱ፣ ሣሩና ኩበቱ ተያይዘው ይሰጡት የነበረውን ዋስትና በገቢ ስሌት ውስጥ ማግኘትም ከባድ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ያስከተለውን ተቃውሞና ሞት፣ በጥር 2008 መሰረዙን፣ በ2015 ደግሞ ሦስቱ ከተሞች ሸገር ከተማ በሚባል አስተዳደር ውስጥ መግባታቸውን አንባቢ ያውቃል። አስተዳደሩ ተለዋውጧል፤ የዳር ገበሬው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ መሬት ከአምስት ዓመት በኋላ የእኔ ነው ወይ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው እርከን አይሠራም፤ እርከን ድካሙን የሚመልሰው ከዓመታት በኋላ ነውና። ዛፍ ቢተክል ቶሎ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ነው። ከመወሰዱ በፊት ልሽጠው ብሎ ለጨረቃ ቤት ሠሪ ቢቆርስለት ሕግ መጣሱ እውነት ነው፤ ሥጋቱ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። በተቃራኒው በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ ምን እንዳመጣ የመረመሩት የዓለም ባንኩ ክላውስ ዳይኒንገርና ባልደረቦቹ፣ መሬቴን አጣለሁ የሚለው ፍርሃት መቀነሱንና ለአፈርና ውኃ ጥበቃ የሚውለው ሥራ መጨመሩን አሳይተዋል። ስለዚህ የይዞታ ዋስትና ራሱ የአየር ንብረት መቋቋሚያ ነው፤ ምርጥ ዘርንና መስኖን በምንቆጥርበት መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት።

አሁን ወደ ጥናቱ አሠራር ልምጣ፤ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የተለመደው መጠይቅ ገበሬውን ዝናቡ ቀንሷል ወይ፣ ሙቀቱ ጨምሯል ወይ ብሎ ይጠይቅና የመቋቋሚያ ዘዴዎችን ይዘረዝርለታል፤ ምርጥ ዘር፣ የዘር ጊዜ መለወጥ፣ እርከን፣ መስኖ፣ ዕቁብና ብድር። ናሙናው የሚወሰደው ከቀበሌ የገበሬዎች መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ያለው ግን እስከ ዛሬ መሬቱ ላይ የቆየው ሰው ብቻ ነው። መሬቱን ያጣው፣ ከብቱን ሸጦ ከተማ ውስጥ የቀን ሥራ ወይም ጥበቃ የገባው፣ መዝገቡ ላይ ስለሌለ አይጠየቅም። በመጨረሻ ጥናቱ የቀሩትን አማካይ ይዞ «የአካባቢው ማኅበረሰብ የመቋቋም አቅም መካከለኛ ነው» ይላል። የወደቁትን ሳይቆጥሩ የቆሙትን አማካይ ማውጣት ከባድ የስሌት ግድፈት ነው፤ መሬት በፍጥነት በሚለዋወጥባቸው በእነዚህ ሦስት ከተሞች ዙሪያ ደግሞ ግድፈቱ ከሌላው ቦታ ይብሳል።

ከተማ ማደጉ አይቀርም፣ ገበሬው ወደ ሌላ ሥራ ቢሸጋገር ይሻለዋል የሚሉ አሉ። ከተማ እንደሚያድግ አልከራከርም፤ በ1999 ቆጠራ አዲስ አበባ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፣ ዛሬ ከዚያ በጣም ይበልጣል። የወጪና ገቢ ዕቃ የሚያመላልሰው የጅቡቲ ባቡር መነሻም ሰበታ ላይ ነው፣ ፋብሪካም ይከተላል። ነገር ግን ፋብሪካ የሚቀጥረው ወጣቱን ነው፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ገበሬ ላሞቹን ሸጦ በማሽን ፊት አይቆምም። ከዚያም ከተማው ወተት ይፈልጋል፣ ጎርፉን የሚያረግብለት መሬትም ይፈልጋል። የምከራከረው ከተማው ይደግ አይደግ በሚለው ሳይሆን እርጥቡ ሜዳ ቀድሞ ለምን ይሰጣል በሚለው ነው።

ሌሎች ደግሞ የተዳቀለች ላም በበረት ትቀለባለች፣ ሰፊ ግጦሽ አያስፈልጋትም ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ግን በበረት የምትቀለበው ላም ድርቆሹን ከየት ታመጣለች? ከዚያው ከሱሉልታ ሜዳ። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በግዢ ነው፣ ዋጋቸውም አይረጋጋም። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን የወተት ገዢ ይቀንሳል፤ ላሚቱ ግን አትጾምም። ሣሩ የራሱ የሆነ ቤተሰብ ወተቱን ወደ ቅቤ እየለወጠ ጾሙን ያልፋል፤ መኖውን ሁሉ የሚገዛው ግን በዚያ ጊዜ ላም ወደ መሸጥ ይገፋል። ሣር በሌለበት የተዳቀለች ላም ራሷ ተጨማሪ ሥጋት ናት።

«መሬትን አብዝተህ ስታነሳ የአየር ንብረት ለውጥን ታሳንሳለህ» የሚልም ይኖራል። አላሳንስም። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል፤ በዝናቡ መጠን ላይ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ አዝማሚያ አልታየም። ሙቀቱ እየጨመረ ዝናቡ የማይተነበይ ከሆነ፣ ገበሬው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ብዙ አማራጭ ነው፤ የአማራጩ መሠረት ደግሞ መሬቱ ነው። የመሬት ጉዳይ አይለካም የሚለውም አያሳምንም። የላንድሳት ሳተላይት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን ያነሳል፣ ምስሎቹም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነፃ ይገኛሉ። የሱሉልታ ሜዳ በየአሥር ዓመቱ ምን ያህል እንደጠበበ ማንም ተማሪ ኮምፒውተሩ ላይ ሊለካ ይችላል፤ ከዝናብ መለኪያ ጣቢያ መረጃ ይልቅ ይህ ይቀላል።

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የምታጠኑ፣ የምታማክሩ፣ ለጥናት ገንዘብ የምትሰጡ ሁሉ፣ ይህን እጠይቃችኋለሁ። ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ስትሄዱ የዛሬውን የቀበሌ መዝገብ ብቻ አትያዙ፤ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውን ፈልጉና ከዝርዝሩ የጠፉትን ሰዎች ተከታትላችሁ አግኙ። መጠይቃችሁ ውስጥ ስለ ወል ሣር፣ ስለ ድርቆሽ ሽያጭ፣ መሬቱ እስከ መቼ በእጄ ይቆያል ብሎ ገበሬው ስለሚያስበው ጊዜ ጥያቄ ጨምሩ። ጥያቄዎቹን ከመጻፋችሁ በፊት ሣር የሚያጭዱትንና ወተት የሚሸጡትን ሴቶች አነጋግሩ። ውጤቱንም መጽሔት ላይ ከማውጣታችሁ በፊት በአፋን ኦሮሞ ለእነሱው አቅርቡ፤ ስሕተት ካለበት ለማረም እነሱ ይቀርባሉ።